ከሌለው ወፍጮ ወደ ዞብል

ያን ቅዳሜ ጠዋት ሮቢት ያለውን የመስኖ ማኅበር መጋዘን የሞላው ሽንኩርት ሳይሆን ሰው ነበር። ሽታው ግን የሽንኩርት ነው፤ ከግድግዳው አይለቅም። ገበሬዎቹ ከፊሎቹ በባዶ ሣጥን ላይ፣ ከፊሎቹ በተጠቀለለ የጠብታ መስኖ ቱቦ ላይ ተቀምጠው፣ የቀሩትም ዱላቸውን ተደግፈው ቆመው ግድግዳው ላይ የተወጠረውን ነጭ ሸራ ያያሉ። ሸራው ላይ የራያ ሜዳ ከሰማይ እንደታየ ተዘርግቷል፤ በአንድ ወገን የደጋው ግርጌ፣ በሌላው ወገን የዞብል ተራራ፣ በመሐል ደግሞ የጎሊና ወንዝ አሸዋዋን ይዛ እንደ ወደቀ መቀነት ተጋድማለች።

«ይቺ ነጯ ምንድን ናት?» አለ ከፊት የተቀመጠ ሰው።

«ጎሊና ናት» አለች ዚነት።

«ጎሊናማ እንዲህ ቀጭን አይደለችም!»

«ከሰማይ ሆነህ ስታያት ነዋ! አንተም ከሰማይ ብትታይ ይኼ ሁሉ ሆድ አይታይም» አለው ከኋላው ያለው፣ መጋዘኑም ሳቀ።

ዚነት ላፕቶፗንና ፕሮጀክተሩን ሁለት ሣጥን ደራርባ አስቀምጣቸው ነበር። ከውጭ ለሚያያት ሻሿን አጥብቃ ያሰረች፣ ዝምተኛ፣ የተረጋጋች ሴት ናት። ውስጧ ግን እንደ ልጅ ይዘላል። ለወራት በብቸኝነት ስታየው የኖረችው ካርታ ዛሬ ግድግዳ አክሎ ሰው ፊት ቆሟል።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። ባሏ ሙህዲን አኼራ ከሄደ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ሙህዲን ከኮቦ እስከ ጎብዬ ያለውን የውሃ ፓምፕ የሚጠግን ሰው ነበር። አንድ ገበሬ ደውሎ «ከግመል ማደሪያው ወደ ዞብል ዞር ብለህ፣ ቢጣሩ በሚሰማበት» ካለው ይበቃዋል፤ ሞተር ብስክሌቱን አስነስቶ ይሄዳል። የግመል ማደሪያው ዛሬ የለም። ከአፋር ጨው ጭነው የሚመጡት ግመሎች እዚያ ማደር ከተዉ ብዙ ዘመን ሆኗቸው ቦታው ቲማቲም ተተክሎበታል። ሰዉ ግን አሁንም መንገድ የሚያሳየው በግመሎቹ ነው።

የሙህዲን ሥራ ለሕሉፍ ሲተላለፍ ችግሩ ታየ። ሕሉፍ የዋጃ ልጅ ነው፤ ፓምፕ ሲያስል ሰምቶ ሕመሙን ይነግርሃል፣ የሮቢትን ሜዳ ግን አያውቀውም። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ሲጠፋበት ደግሞ እንደ ሕፃን ነው የሚያለቃቅሰው። እየደወለ ዚነትን ይጠይቃል።

«እህቴ ዚነት፣ በፈጠረሽ፣ የሼህ ኡበይድ ዋርካ የቱ ጋ ነው? አንድም ዛፍ አይታየኝም እኮ!»

«ዋርካውንማ ጎርፍ ከወሰደው ቆየ።»

«ታዲያ የሌለውን ዋርካ እንዴት ብዬ ላግኘው?»

ዚነት ትነግረዋለች። የምታውቀውን ያህል ታውቃለች፤ ሙህዲን ስልክ ሲያነሳ አጠገቡ ሆና እየሰማች ነው የለመደችው። መጀመሪያ በቃል ነገረችው፤ ቆይታ በወረቀት ላይ ትነድፍለት ጀመር። አንድ ቀን ንድፉን ፎቶ አንስታ ልትልክለት ስትል እጇን ቆም አድርጋ አየችው። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ይህንኑ አልነበረም እንዴ? ቦታን በሰንጠረዥ መዝግቦ፣ ሰንጠረዡን ከካርታ ጋር አገናኝቶ፣ ለጠየቀ ሁሉ መልስ እንዲሰጥ ማድረግ!

ከዚያ ወዲያ ማረፍ አልነበረም። ስልኳን ይዛ ማሳ ለማሳ ዞረች። ሽማግሌ ይቆማል፣ በዱላው ይጠቁማል፣ እሷ ጂፒኤሱን ከፍታ ነጥቡን ትይዛለች። ለያንዳንዱ ቦታ ስሙን፣ ያሳያትን ሰው፣ በመጨረሻም አሁን «አለ» ወይስ «የለም» የሚለውን ትሞላለች። አብዛኛው «የለም» ነበር። የዩኒቨርሲቲ የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ሳምራዊት አዲስ አበባ ሆና ሰርቨሩን አቆመችላት፤ ዳታቤዙን ከድረ ገጹ ጋር አገናኘችው። «ወደ ዞብል» ሲባል ምሥራቅ፣ «ወደ ደጋ» ሲባል ምዕራብ መሆኑን ለኮምፒውተሩ አስተማሩት። ያስቸገራቸው «ቢጣሩ የሚሰማበት» ነው። ይህ በሜትር ስንት ነው? ዚነት ማሳ ውስጥ ቆመች፣ ሕሉፍ እየራቀ «ኧረ ዚነት ሆይ!» እያለ ተጣራ፤ የአካባቢው ውሻ ሁሉ መለሰለት፣ ሁለት ሰዎችም ለእርዳታ ሮጠው መጡ። ርቀቱ ግን ተገኘ።

ታዋቂዎቹ ካርታዎች ይህን ሜዳ ባዶ አድርገው ነው የሚያሳዩት። የገበሬው ስልክም በአብዛኛው ባለ ቁልፍ ነው፤ ያለበትን ቦታ በምስል መላክ አይችልም። የዚነት ካርታ ግን ሰው በአፉ የሚናገረውን ተቀብሎ ቦታውን ይሰጣል። በዚህ ሜዳ እንዲህ ያለ ነገር ከዚህ በፊት ሠርቶ የሚያውቅ ሰው መኖሩን አልሰማችም።

ዛሬ ማኅበሩ ይወስናል። ደሴ ያለው የቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ቦታ ይዞላት መልሷን እስከ ሰኞ ይጠብቃል። ማኅበሩ ካርታውን ከተቀበለ የብልሽት ጥሪውን የምትይዘው እሷ ናት፤ ኮቦ ትቀራለች። ካልተቀበለ ሰኞ ጠዋት ደሴ ትሳፈራለች። ኮቦን መልቀቅ ለምን እንደማትፈልግ ለማንም አስረድታ አታውቅም። ለሚጠይቋት «ሙቀቱን ለምጄዋለሁ» ትላቸዋለች።

«እንግዲህ ስሙኝ!» አሉ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሀጂ በድረዲን፣ በዱላቸው ወለሉን መታ አድርገው። «ሕሉፍ በሞተር ይወጣል። እኔ ፓምፑ እንደ ተበላሸበት ሰው ሆኜ ቦታ እናገራለሁ። ካርታው ይመራዋል። በመንገድ ላይ አንድ ሰው ከጠየቀ ግን አበቃ፤ በድሮው አሠራራችን እንቀጥላለን።»

«መጠየቁን ማን ያያል ሀጂ?» አለ አራጌ። አራጌ ቲማቲም አምራች ነው፤ በማንኛውም ስብሰባ የማያምንበትን ነገር ጮክ ብሎ አለማመን ሥራው ነው።

«ታሂር ከኋላው ይቀመጣል። ያያል።»

«ታሂር? ታሂር መንገድ እያወቀ ዝም ሊል? ይኼማ ፈተናው ለታሂር ነው!»

ታሂር፣ ረጅሙ የውሃ አከፋፋይ፣ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ወላሂ አፌን አልከፍትም።»

«ከመቼ ጀምሮ?» አለው አንዱ፤ እየተሳሳቁ ሸኟቸው። የሞተሩ ድምፅ ራቀ። የሕሉፍ ስልክ መሪው ላይ ታስሯል፤ ሸራው ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ አስፋልቱን ይዛ ስትንቀሳቀስ ሰዉ አንገቱን አሰገገ።

«እሷ ናት? ሕሉፍ ናት?»

«ሕሉፍና ታሂር ናቸው።»

«ሁለቱም በአንድ ነጥብ! ታሂርስ እግሩ ይወጣል ብዬ ነበር።»

ሀጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ በእጃቸው የስልክ ቅርጽ ሠርተው ጆሯቸው ላይ አደረጉ። «አሎ! ፓምፔ ቆሟል። ከሀናን ወፍጮ ወደ ዞብል፣ ቢጣሩ በሚሰማበት።»

ዚነት «የሀናን ወፍጮ» ብላ ጻፈችና ፈልግ የሚለውን ነካች።

«ምንም አልተገኘም» አለ ካርታው፣ ያውም ግድግዳ በሚያህል ጽሑፍ።

እንደገና ጻፈች። ምንም አልተገኘም። ትናንት ብቻ ስንቴ ሞክራው ነበር! የሼህ ኡበይድን ዋርካ ጻፈች፤ የለም። የግመል ማደሪያን ጻፈች፤ የለም። ሸራው ላይ የቀሩት ትምህርት ቤቱ፣ መስጊዱ፣ ቤተ ክርስቲያኑና የአስፋልቱ ድልድይ ብቻ ናቸው። ሌላው ሜዳ ጸድቶ ተጠርጓል።

«ካርታሽም የወፍጮውን መፍረስ ሰማ እንዴ?» አለ አራጌ።

በድምፅ ማጉያው የሕሉፍ ድምፅ መጣ። «አሎ፣ ወዴት ልሂድ? ፀሐይ ላይ ቆመናል። ታሂርም መናገር አምሮት ሊፈነዳ ነው።»

ዚነት ስልኳን ይዛ ወደ በሩ ወጣ አለች። ለሳምራዊት ደወለች።

«ሳሚ፣ ነጥቦቹ የሉም!»

«የትኞቹ? ጠዋት አይቼዋለሁ እኮ። አሁን እንደ ጥይት ነው የሚፈጥነው።»

«ወፍጮው፣ ዋርካው፣ ማደሪያው፣ ሁሉም!»

«አዎ፣ እነሱንማ አጸዳኋቸው። ‹የለም› የሚል የተጻፈበትን በሙሉ አወጣሁ። ያረጀ መረጃ መሰለኝ፤ ካርታውን እያንቀራፈፈው ነበር። ለዛሬ እንዲያምርልሽ ብዬ ነው። ምነው? የፈረሰ ወፍጮ ምን ያደርግልሻል?»

ዚነት ዓይኗን ጨፈነች። «ሳሚዬ፣ እዚህ ሰው የሚመራው በፈረሰው ነው።»

ከወዲያ በኩል «ውይ! ውይ፣ ዚኑዬ!» የሚል ጩኸት መጣ፤ የወንበር መጎተት፣ የቁልፍ መንኳኳት ተከተለ። «ቆይ፣ የትናንቱ ቅጂ አለኝ። እመልሰዋለሁ። አንድ ሻይ እስክትጠጪ ብቻ።»

«ሻይ የሚገባበት ሆድ የለኝም። ቶሎ በይ!»

ተመልሳ ስትገባ ሰዉ ተበትኖ የየራሱን ወሬ ጀምሯል፤ አንዳንዱም ልብሱን አራግፎ ተነሥቷል።

«ልጄ፣ ችግር አለ?» አሏት ሀጂ።

ኔትወርክ ጠፋ ብትል የሚጠራጠራት አልነበረም። «ጓደኛዬ የፈረሱትን ቦታዎች ከካርታው አውጥታቸው ነው፣ ሀጂ። አሁን እየመለሰቻቸው ነው።»

«ለምን አወጣቻቸው?»

«የሌሉ ስለሆኑ።»

ሀጂ ግራ ገባቸው። «እንዴት የሉም?»

«ወፍጮው ፈርሷል እኮ ሀጂ» አለ አራጌ።

«መፍረሱንማ አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ ድንጋዩን የጫንኩት! ግን አለ አይደለም እንዴ፣ እዚያው!» አሉና የተናገሩት ለራሳቸውም ሲሰማቸው በሳቅ ተንፈቀፈቁ። ሊወጡ የተነሡትም ለመሳቅ ተመልሰው ተቀመጡ።

ያኔ ነው ሸራው ላይ አንዲት ቀይ ነጥብ ብቅ ያለችው። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ በጎሊና ወዲህና ወዲያ፣ ከደጋው ግርጌ እስከ ዞብል ሥር ሜዳው እንደ በርበሬ ስጥ ቀላ። ሰዉ ብድግ አለ።

«የግመል ማደሪያው ያውና!»

«የአያቴ ጎተራ! ኧረ የአያቴ ጎተራ ነው!»

«ጥላህን ከሸራው አንሣ፣ እኛም እንይ!»

«የጣሊያን ጉድጓድ! ማን አሳየሽ እሱን?»

ዚነት እየሳቀች ነበር፣ እጇም እየጻፈ ነበር። የሀናን ወፍጮ። ወደ ዞብል። ቢጣሩ የሚሰማበት። ካርታው ከቀዩዋ ነጥብ ወደ ምሥራቅ እንደ ተቆረሰ ድፎ ያለ ቅርጽ አወጣ፤ መንገዱንም አሰመረ። «ሕሉፍ፣ ተላከልህ! ሂድ!»

ሰማያዊዋ ነጥብ አስፋልቱን ለቃ ወደ ጥርጊያው ገባች። አንድ መታጠፊያ ላይ ቆም ስትል መጋዘኑ ትንፋሹን ዋጠ፤ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ «እሰይ!» አለ። ጥቂት ቆይቶ የታሂር ጩኸት በማጉያው መጣ። «ደረስን! ወላሂ ማንንም አልጠየቀም! አንዲት ሴት ሰላም ብሎ አለፈ እንጂ።»

«ሰላምታስ ጥያቄ አይደለም?» አለ አራጌ። «‹እንዴት አደርሽ› ብሏታል እኮ!»

«አራጌ፣ አንተ ጀነት ብትገባም በር አልተዘጋም ብለህ ትከራከራለህ» አሉት ሀጂ፣ ወደ ሰዉም ዞሩ። «እንግዲህ ምን ትላላችሁ?» ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ዚነት ለብልሽት ጥሪ ያዘጋጀችው ስልክ ጠራ።

ማንም አልጠበቀውም። ዚነት ቁጥሩን ባለፈው ሳምንት ለጥቂት ሰው ሰጥታው ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጋ አነሣችው።

«አሎ! የፓምፕ ሠሪው ነው?» አለች አንዲት ሴት፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ወሰንየለሽ ነኝ። የሽንኩርት ችግኜን ካዛወርኩት ገና ሁለት ቀኑ ነው፣ ውሃው ጠዋት ተቋረጠ። ይኼ ፀሐይ ከቀጠለ እስከ ማታ አይተርፍልኝም። በማርያም፣ ቶሎ ድረሱልኝ!»

«እንመጣለን፣ አይዞዎት። ማሳዎ የት ነው?»

«ሙህዲን ከቆመበት ወደ ዞብል፣ ቢጣሩ በሚሰማበት።»

የዚነት ጣቶች ቁልፎቹ ላይ ቀሩ። አራጌ እንኳ መሬት መሬት አየ።

«ከየት አሉኝ?»

«ሙህዲን ከቆመበት። አንቺ አዲስ ነሽ መሰል? የማያውቀው የለም እኮ።»

«አዎ፣ አዲስ ነኝ» አለች ዚነት። «ሙህዲን የቱ?»

«ፓምፕ ሠሪው ነዋ፣ ነፍሱን ይማረውና! አንድ ክረምት ለኔው ፓምፕ ሲመጣ ሞተሩ ማጥ ውስጥ እምቢ ብላው ቀኑን ሙሉ እዚያ ቆሞ ዋለ። ብንስቅበት አይቆጣ! ኋላ በእግሩ መጥቶ ሠራልኝ። ከዚያ ወዲህ ቦታው ሙህዲን የቆመበት ተብሎ ቀረ።»

ሙህዲን አንድ ክረምት እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ ቤት መጥቶ ነበር። «ዝናብ ነው» ብሎ ታጥቦ ራቱን በላ። ሌላ ምንም አላለም።

ዚነት ወደ ላፕቶፑ ጎንበስ አለች። አዲስ መዝገብ ከፈተች። በስም ቦታ «ሙህዲን የቆመበት» ብላ ጻፈች። ካርታው ቀጥሎ የሚጠይቀውን ጠየቃት፤ አሁን አለ? የለም? ሕሉፍ መንገድ ላይ ነው፣ ሽንኩርቱ ፀሐይ ላይ ነው። «የለም» የሚለውን ነካችና ወደ ነጥቡ አለፈች።

«ቦታውን አላውቀውም» አለች ቀና ብላ። ድምፅዋ ደህና ነበር። «የሚያውቅ ያሳየኝ።»

መጀመሪያ የተነሣው አራጌ ነው። ሣጥን አልፎ፣ የሰው እግር ረግጦ ሸራው ጋ ደረሰና ወፍራም ጣቱን ተከለበት። «እዚህ ጋ። ከቦዩ ወዲህ።»

ሀጂ መነጽራቸውን አወጡ። «አይ፣ ትንሽ ወደ ደጋ ሳብ በለው።»

«ሀጂ፣ ያን ዓመት እርስዎ መካ ነበሩ!»

«ማነው ከቦዩ ወዲህ ያለው?» የሚል ድምፅ ከማጉያው ፈነዳ። ታሂር ነው። «አራጌ ነህ አይደል? ውሸት! ከቦዩ ወዲያ ነው!»

«ታሂር! አፍህን!» አሉ ሀጂ።

«ሀጂ፣ የኔ አፍ ተዘግቶ የሰው ሽንኩርት ይሙት? ሞተሩን የገፋሁለት እኔ ነኝ! ጭቃው ጫማዬን በልቶ አስቀርቷል!»

«ጫማህንማ አውቀዋለሁ፣ ከቦዩ ወዲህ ነው የቀረው!»

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ መለየት አልተቻለም። ግማሹ ሰው ሸራው ጋ ተጋፋ፤ ካርታው በገበሬዎቹ ጀርባና ራስ ላይ ተሳለ፤ ዞብል የአንዱ ትከሻ ላይ፣ ጎሊና የሌላው ነጭ ጥምጥም ላይ ዋለች። ቦዩን ያሳያል የተባለ መስመር መንገድ ሆኖ ተገኘ፤ መንገድ የመሰለው ቦይ ሆነ። ዚነት ለወራት ሰው ለሰው እየዞረች ስትለምነው የነበረው ዕውቀት አሁን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጮህባታል። ጉንጯ ጋለ፤ ሻሿ ወደ ኋላ ቢንሸራተትም አልመለሰችውም።

«አንድ በአንድ!» ብላ ጮኸች። ይህን ያህል ድምፅ እንዳላት የሚያውቅ አልነበረም። «ቦዩ ጋ መሆኑን ሁላችሁም ትስማማላችሁ?»

ተስማሙ።

ነጥቡን ቦዩ ላይ አኖረችው። ካርታው ወደ ዞብል ዘርግቶ አሳየ፤ መንገዱ ተሰመረ። «ሕሉፍ፣ ሂድ! ታሂር፣ ከዚህ በኋላ በቃ!»

«በቃኝ፣ በቃኝ!»

ሰማያዊዋ ነጥብ በረረች። ስልኩ ላይ ወሰንየለሽ አልዘጋችም፤ ትንፋሿና የወፍ ድምፅ ይሰማል። ሁሉም ሸራውን ያያል። ነጥቧ ቦዩን ተሻገረች፣ ወደ ዞብል አቀናች፣ ከተዘረጋው ቅርጽ ውስጥ ገባች።

«ቆይ... ሞተር እየሰማሁ ነው!» አለች ወሰንየለሽ። «እሱ ነው! መጣ፣ መጣ፣ መጣ!»

መጋዘኑ ጮኸ። ሀጂ «አልሃምዱሊላህ!» አሉና ወዲያው «ዝም በሉ፣ ፓምፑን እንስማ!» አሉ። ሕሉፍ ከወዲያ ምን እንደሚያደርግ እየተናገረ ይሠራል። «ማጣሪያው በአሸዋ ተደፍኗል... ታሂር፣ ያንን ቁልፍ... አይደለም፣ ትንሹን...» ቆይቶ ፓምፑ አንድ ጊዜ አሳለ። ደግሞ አሳለ። ከዚያ ያዘ። ወሰንየለሽ እልል ስትል ማጉያው አንባረቀ።

ጫጫታው ሲበርድ አራጌ ጉዳዩን አነሣ፤ ሳያነሣው ቢቀር ይታመም ነበር። «ታዲያ ካርታው ፈተናውን አለፈ ወይስ ወደቀ? ሰው ተጠይቋል።»

«ሕሉፍ ጠየቀ?» አሉ ሀጂ።

«ሕሉፍ አልጠየቀም።»

«የተናገረው ማነው?»

«እኛ ነን።»

«እንግዲህ ሳይጠይቁን ከተናገርን ጥፋቱ የካርታው አይደለም» አሉ ሀጂ። ዙሪያውን አዩ፤ የተቃወመ አልነበረም። «ልጄ፣ ሰኞ ጎብዬ ያሉ አባሎቻችን ይጠብቁሻል። እነሱም የየራሳቸው የፈረሰ አላቸው፤ ጻፊላቸው።»

«ሰኞ?»

«ምነው፣ ሌላ ጉዳይ አለሽ?»

«የለኝም፣ ሀጂ» አለች ዚነት። ሻሿን መለሰች። «ምንም የለኝም።»

ሰዉ መበተን ቢገባውም አልተበተነም። የራሱን ቦታ ሊያስጽፍ ላፕቶፑን ከበበ፤ አንዱ የእናቱን የከብት በረት፣ ሌላው መብረቅ የመታትን ግራር ያስመዘግባል። አራጌ ግን ክንዷ ሥር ቆሞ አይሄድም።

«ነጥቡን ቦይ ውስጥ ነው ያኖርሽው» አላት በዝቅታ። «ሰው ቦይ ውስጥ ሞተር ይነዳል?»

«እንግዲያው ና አሳየኝ።»

በሀጂ ፒካፕ ሄዱ። ታሂር ቀድሞ ደርሶ ከቦዩ ወዲያ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ አራጌ ከመኪናው ወርዶ ከቦዩ ወዲህ ቆመ። ሜዳው ፀጥ ያለ ነው። እዚያ ምንም የለም፤ የተሰነጣጠቀ ደረቅ ጭቃ፣ የታጨደ ማሽላ ቆረን፣ ከሩቅ የወሰንየለሽ ፓምፕ ድምፅ፣ ከዚያም ባሻገር ዞብል።

«እዚህ ነው ብያለሁ» አለ አራጌ፣ ግን እንደ መጋዘኑ አልጮኸም።

«እኔ ከኋላ ስገፋ እሱ ከፊት መሪውን ይዞ ይለምናት ነበር» አለ ታሂር። «ሞተሯን ማለቴ ነው። ‹እባክሽ የኔ እመቤት፣ ቤቴ አድርሺኝ፣ ሚስቴ ትቆጣለች› ይላታል። እኔ በሳቅ ጉልበት አጣሁ። ለዚያም ነው ያልወጣችው።»

«አልቆጣም ነበር» አለች ዚነት።

አራጌ ቦዩን ተሻግሮ መጣ። ታሂር የቆመበትን አየ፣ ጭቃውን በጫማው ፋቀው፣ ትከሻውን ነቀነቀ። «እሺ። የገፋኸው አንተ ነህ።»

ታሂር ቦታውን ሲለቅላት ዚነት እዚያው ላይ ቆመች፤ ስልኳን ከፈተች። ያለችበትን የሚያሳየው ክብ በመጀመሪያ ሰፊ ነው፤ ስልኩ ከሰማይ የሚመጣውን ምልክት እየለቀመ ሲሄድ ክቡ ይጠባል፣ ሲረጋጋ ቦታው ይመዘገባል። ሁለቱ ወንዶች ቆመው ጠበቋት። ነፋሱ ከዞብል በኩል ሞቅ ብሎ መጣ።

«በቃ አይደለም እንዴ?» አለ አራጌ በመጨረሻ። «መዝግቢው።»

«ቆይ፣ ገና ነው» አለችው።

ክቡ ከተረጋጋ ቆይቶ ነበር።